እግሯን እስክታነሳ

ኦተር ክሪክ፣ ኬንታኪ
ማርች 6፣ 1972

አርሊስ ልጄ፣

አራት መስመር! ይሄን ሁሉ ጊዜ ድምፅህ ጠፍቶ፣ ጠፍቶ፣ አራት መስመር፤ ያውም በሆቴል ወረቀት ጀርባ። አይሲ ደብዳቤህን ይዛ ከሱቋ እየሮጠች ስትመጣ ሰው የሞተ መስሎኝ ልቤ ልትወጣ ነበር። ስከፍተው «ናሽቪል ገብተናል፣ ሸክላ ልናስቀርጽ ነው፣ ደህና ነሽ ወይ፣ ነይና ቫዮሊን ተጫወቺልን» ይላል። አበቃ። ቴሌግራም እንኳ ከዚህ ይረዝማል። አንተን ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁም እንዴ? ሰው ለአክስቱ እንዲህ ይጽፋል?

ስለ ጤናዬ ጠይቀሃል፤ ደህና ነኝ። ስለ ዶሮዎቹ አልጠየቅህም፤ እነሱም ደህና ናቸው፣ ግን ታዝበውሃል።

በኅዳግ ላይ አጥብበህ «ተቀይመሽኛል ወይ» ብለህ የጻፍካትንም አይቻታለሁ። አልተቀየምኩም። አባትህም አጎቶችህም ከሰል ጉድጓድ ሲገቡ ያየሁ ሴት ነኝ። አንተ ወደ ታች ከምትወርድ ወደ ናሽቪል ብትሄድ ለኔ እልልታ ነው። ግን ልብ በል፤ ሸክላው ካልሆነ ጉድጓዱ እዚሁ ነው፣ የትም አይሄድም። የፈረቃው አለቃ ትናንት ሱቅ አግኝቶኝ «አርሊስ መቼ ነው ሥራ የሚጀምረው?» አለኝ። «አንተ ጡረታ ስትወጣ» አልኩት። ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

መምጣቱን ግን እርሳው። ዶሮዎቹን ለማን ጥዬ? ደግሞ ሎኒ አለላችሁ አይደል! እጁን ይዤ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ እኔ የምጫወተውን ሁሉ ይጫወታል፣ መቸኮሉ ነው እንጂ። ለጋርኔት ሰላም በልልኝ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ያላት ልጅ አንተን ምን ብላ እንደምትከተል ሁሌም ይገርመኛል።

ትዝ ይልሃል? ገና ሱሪህን በቅጡ ሳትታጠቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጭፈራ ሲኖር ከወንበሬ ሥር ትቀመጥ ነበር። ዜማው ሲዞር፣ ሲዞር ይቆይና እኔ «በቃው» ብዬ ቀኝ እግሬን ከመሬት ሳነሳ፣ «አነሳች! የመጨረሻ ዙር ነው!» ብለህ ትጮሃለህ። ዙሩ ሲያልቅ የሚጫወተውም የሚጨፍረውም አብሮ ቀጥ ይላል። ይሄም ደብዳቤ እንደዚያው ያልቃል።

እግሬን አነሳሁ።
አክስትህ ኦርፋ


ናሽቪል
ማርች 15፣ 1972

አክስቴ፣

ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አሁንም ይቅርታ። የመጨረሻው ለዶሮዎቹ ነው።

በፖስት ካርድሽ ምን እንደምንበላ ጠይቀሻል። እንበላለን፤ ግን ማደሪያችን አጠገብ ያለው ምግብ ቤት የበቆሎ ዳቦው ውስጥ ስኳር ይጨምራል። እውነቴን ነው፣ ስኳር! ቨርሊን አንድ ጊዜ ጎረሰና ያን ቁመቱን የሚያክል ቤዝ ቫዮሊኑን እንደተሸከመ ተነስቶ «የማነው ልደት?» ብሎ አስተናጋጇን ጠየቃት።

ስቱዲዮው ምን ይመስላል ላልሽው፣ ምን ብዬ ልንገርሽ፤ ፈረስ በረት ነው የሚመስለው። እያንዳንዳችንን ለየብቻ በሳንቃ ግድግዳ ከልለው ነው የሚያቆሙን። ከኖክስቪል ያገኘነው ክሎቪስ፣ ድራም መቺው፣ ብርድ ልብስ ተከምሮበት ማዕዘን ላይ ተደብቋል። ጋርኔት መስታወት ጀርባ ናት። ሎኒ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ነው፤ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ቫዮሊኑን ያነሳል። የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክ እንዳይገባ ነው አሉን። የምንሰማማው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው።

እና ምን ሆነ መሰለሽ። «የሳሊ ድልድይ»ን ጀመርን። አክስቴ፣ እንዴት አድርገን ጀመርነው! የኦተር ክሪክ ልጆች እንዲህ ተጫውተው አያውቁም። ዜማው ዞረ፣ ዞረ፣ ይበቃል አልኩና እግሬን አነሳሁ። ማንም አላቆመም። ለካ ማንም አላየኝም! መልሼ አነሳሁ። ባንጆዬን እየመታሁ በአንድ እግሬ እንደ ሽመላ ቆሜ ቀረሁ። ቴፑ እስኪያልቅ ተጫወትን። ሸክላውን የሚያሠራልን ሚስተር ዊትሎ፣ ትልቅ ሆድና ትንሽ ትዕግስት ያለው የቺካጎ ሰው ነው፣ በሩን በርግዶ ወጣና «ይሄ ዘፈን ማለቂያ የለውም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ሎኒ «አለው ጌታዬ፤ ግን አላየነውም» አለው።

አሁን ስቀሽ ጨርሺና ቁም ነገሩን ልንገርሽ። ሚስተር ዊትሎ ቁርጡን ነግሮናል። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ጆሮ የሚገባ ነገር ካስቀረጽን ሸክላውን ያሳትመዋል፤ በጋውን ሙሉም ከአንድ ትልቅ ባንድ ፊት መድረክ እየከፈትን ከከተማ ከተማ ያዞረናል። ካልሆነ ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ቤት። ወደ ቤት ማለት ደግሞ ለኔ የት ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

እሱ ያመጣው መላ «እናንተ ዝም ብላችሁ ተጫወቱ፣ እኔ ቁልፉን እያዞርኩ ድምፃችሁን ቀስ እያደረግኩ አጠፋዋለሁ» የሚል ነው። አሁን ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለ። ምን ትያለሽ?

የምንቸገረው ግድግዳው ብቻ አይደለም። እኔ እግሬን ሳነሳ ግማሹ ያምነኛል፣ ግማሹ «አሁን ገና ሞቆ!» ይላል። ቨርሊን ፊት ለፊት ነገረኝ፦ «ያንተ እግር ነው። የኦርፋ ግን ትእዛዝ ነው።» ነይልን አክስቴ። በሞቴ።

አርሊስ


ኦተር ክሪክ
ማርች 24፣ 1972

አርሊስ፣

ሽመላዋን ሳነብ ሳቄ አልቆም ብሎኝ አይሲ ውኃ ይዛ መጣች። ለእሷም አነበብኩላት። ከዚያ ውኃውን እሷ ጠጣችው።

«ምን ትያለሽ» ላልከው፣ ምን እላለሁ! ዘፈን እንዴት አድርጎ ነው እንዲሁ የሚጠፋው? ሰዎቹ የት ሄዱ ሊባል ነው? እንግዳ ቤትህ መጥቶ፣ ራት በልቶ፣ ተጫውቶ፣ ደህና እደሩ ሳይል በጓሮ በር ሹልክ እንደማለት እኮ ነው። እኔ ያሳደግኩት ልጅ እንዲህ አያደርግም። ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ።

መምጣቱን ደግመህ ጠይቀሃል፤ ደግሜ እመልሳለሁ። በሚመጣው ዓርብ ስቅለት ነው፣ ድንች መትከያው ቀን። በስቅለት ያልተተከለ ድንች ምን ድንች ይሆናል? ከዚያ አተሩ አለ። ከአተሩ በኋላ ጫጩት ይፈለፈላል። ከዚያ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ሣር ላይ የሚበላው ምሳ አለ፤ የኔን የፖም ኬክ ካላዩ ሰባኪው ስብከት አይጀምርም። በፖስት ካርድህ ደግሞ ስለ ቅዳሜው ጭፈራ ጠይቀሃል። አለ፣ ሰው ይመጣል።

ለሎኒ በጥጥ የጠቀለልኩትን ነገር ስጥልኝ። ጅራቱን የሚያንሿሿው እባብ ቃጭል ነው። ቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ ይክተተው፤ አይጥ አያስጠጋም፣ እርጥበት ያስወጣል፣ ድምፁንም ያሳምርለታል። ይሄ ልጅ ያለ ቃጭል ናሽቪል ድረስ መሄዱ አሳፍሮኛል፤ ሰው ምን ይለናል?

በዚያው ካርድ ጋርኔት ጉሮሮዋን አሟታል ብለሃል። ማርና ኮምጣጤ ትጠጣ፤ አንተም ትንሽ ዝም በልላት።

እግሬን አነሳሁ።
ኦርፋ


ናሽቪል
ኤፕሪል 3፣ 1972

አክስቴ፣

ጋርኔት ድናለች፤ ማሩ ሠራ። እኔም ዝም ብያለሁ፤ እሱ ነው የሠራው ትላለች።

ሎኒ ስቱዲዮ ውስጥ ቃጭሉን ቫዮሊኑ ሆድ ከተተው፤ ከእኛ ከኦተር ክሪክ ልጆች በቀር ግን ለማንም አልተናገረም። ጠዋት መቅዳት ስንጀምር ድምፅ ቀጂው እጁን አነሳ። «የሆነ ነገር ይንሿሿል።» ማይክ ቀየሩ፣ ሽቦ ነቀሉ። ሚስተር ዊትሎ ያን ሆዱን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ፈለገ። እኛ አራታችን እናውቃለን፤ ግን እንደዚያ ሲለፉ አይተን መናገር አፈርን። በመጨረሻ ሎኒ አላስችል ብሎት ቫዮሊኑን ጠረጴዛው ላይ ዘቅዝቆ ሲነቀንቀው ዱብ! ሚስተር ዊትሎ አይቶ ወንበር ላይ ወጣ። «የቀረውስ?» ብሎ ጮኸ። «የቀረው እባብ የት ነው?» ክሎቪስ ከድራሙ ጀርባ መቼ እንደሸሸ አላየነውም፤ ከሰዓት በኋላ ነው የተመለሰው። ቃጭሉን ግን መልሰን ከተን ቀዳን፤ ሰውዬው ሰምቶ ሰምቶ «ድምፁ ጥሩ ሆኗል፣ ለምን እንደሆነ ግን እንዳትነግሩኝ» አለ።

አሁን ሳቁን ተዪውና ስሚኝ።

ቃጭሉን አውቀዋለሁ። ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ አይደል? ድንች ማሳው ውስጥ በመቆፈሪያ አናቱን ያልሽው እባብ ነው፤ እኔ በርሜል ላይ ወጥቼ ነበር የማይሽ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያንቺ ቫዮሊን ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ቃጭሉን ለሌላ የሚሰጠው መቼ እንደሆነ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። የሚጫወት ሰው አይሰጥም።

ለገና ስመጣ «ጉንፋን ይዞኛል» ብለሽ ቫዮሊኑን ከግድግዳ አላወረድሽም። ቅዳሜ ማን እንደሚጫወት ስጠይቅሽ «ሰው ይመጣል» ትይኛለሽ። እኔ ደግሞ ድንችና ጫጩት ቆጥረሽ ስትጽፊልኝ አምኜሽ ቁጭ አልኩ። ሞኝ አድርገሽኝ ከረምሽ።

ምን ሆነሻል? አትቀልጂብኝ፣ ንገሪኝ።

አርሊስ


ኦተር ክሪክ
ኤፕሪል 11፣ 1972

አንተ ልጅ፣

ባንጆውን ትተህ መርማሪ ፖሊስ ብትሆን ይሻልህ ነበር።

እሺ። ባለፈው መኸር ነው የጀመረኝ። ቁርጥማት ነው ብሏል ሐኪሙ። የግራ እጄ ጣቶች ጠዋት ተቆልፈው ይነሳሉ፤ በሞቀ ውኃ ለምኛቸው ለምኛቸው ቀትር ላይ ትንሽ ይላላሉ። ክር ልጫን ስል ሌላ ክር ላይ ሄደው ይቀመጣሉ። ለገና ጉንፋን ያልኩህ ውሸት ነው። ሁላችሁም ፊቴ ተደርድራችሁ ጣቶቼ ሲሳሳቱ እንድትሰሙ አልፈለግኩም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የአይሲ ወንድም ሃርሞኒካ ይነፋል። እሱ እየነፋ ተጨፍሯል አይባልም፤ እንራመዳለን።

አልቅሰሽ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው፤ አውቅሃለሁ። አዎ፣ ዶሮ ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፣ ያውም ድምፅ አውጥቼ። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ትተው ያዩኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አላለቀስኩም፤ ግን ቫዮሊኑ ባለበት ግድግዳ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ የተጫወትኩ ሰው ነኝ፤ ሌላ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ቃጭሉን ለሎኒ የላኩት ባዶ ሳጥን ውስጥ ዝም ከሚል የሚሰማው ሰው ያለበት ይሂድ ብዬ ነው።

አሁን እንዳታዝንልኝ። አውቶቡስ ተሳፍረህ ልታባብለኝ ብትመጣ በር አልከፍትልህም። ሸክላህን ጨርስ። ያ ሰውዬም ከፈለገ ያጥፋው ድምፁን፤ ያልኩትን ሁሉ እርሳው። በጓሮ በርም ቢሆን ውጣ፣ ዋናው መውጣትህ ነው። አንተን እንደ አባትህ ከሰል ስታስል ማየት አልችልም አርሊስ። ይሄን አልችልም።

እግሬን አነሳሁ። እሱ እንኳ እስካሁን ይነሳል።
ኦርፋ


ናሽቪል
ኤፕሪል 14፣ 1972

አክስቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ስለዚያ ሌላ አልልም፤ እንዳላዝን ከልክለሽኛል።

ከዚያ ገብቼ ለጋርኔት የመጨረሻዋን መስመር፣ እግርሽ እስካሁን ይነሳል ያልሽውን፣ አነበብኩላት። ጊታሯን አስቀመጠችና «ታዲያ የኛ ችግር ምን ሆነና?» አለች። ቆይ፣ ልጨርስልሽ።

ሚስተር ዊትሎ ድምፃችንን እያጠፋ ሁለት ዘፈን ቀዳ። መልሶ አሰማን። ሎኒ «የሞትን ይመስላል» አለ። ሰውዬው ራሱ አልወደደውም። ቀጥሎ በየበረታችን ቀይ አምፖል ሰቀለ፤ «ሲበራ ጨርሱ» አለን። ሲበራ ቨርሊን ዜማው መሀል ላይ ድርቅ ብሎ ቆመ፤ ጋርኔት ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረባት፤ ክሎቪስ እሳት የተነሳ መስሎት በሩን ከፈተ። ሰውዬው ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። የሰጠን ጊዜ ሊያልቅ ነው፤ አንድ የተጨረሰ ዘፈን የለንም።

ስለዚህ ዛሬ ቢሮው ገባሁና ነገርኩት። አንድ ቀን ስጠኝ፣ ግድግዳዎቹን አንሳልኝ፣ መሀል ላይ አንድ ወንበር አድርግልኝ አልኩት። «ወንበሩ ላይ ማን ሊቀመጥ?» «አክስቴ።» «ምን ትጫወታለች?» «ምንም። እግሯን ታነሳለች።» ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አየ። ከዚያ «እባብ ይዛ ትመጣለች?» አለኝ። አትመጣም ስለው እሺ አለ።

እጅሽን አይደለም የምንፈልገው። እጅማ ሎኒ አለው፤ አንቺ ነሽ የሰጠሽው። ዜማው መቼ እንደሚበቃው የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። የጋርኔት ወንድም ሐሙስ በፒካፑ መጥቶ ይወስድሻል። ዶሮዎቹን አይሲ ታብላ። ድንቹ ተተክሏል። ምን ቀረሽ?

አርሊስ


ኦተር ክሪክ
ኤፕሪል 17፣ 1972

አርሊስ፣

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተለምኛለሁ። ኬክ ተለምኛለሁ፣ አሬራ ተለምኛለሁ፣ አንድ ጊዜ ለጋብቻም ተለምኛለሁ። እግሬን ብቻ የለመነኝ ሰው ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ታዝንልኛለህ ብዬ ነው፤ ቦታ ፈጥሮልኝ ነው አልኩ። ከዚያ ቨርሊን በቀይ መብራት ድርቅ ሲል ታየኝና «አይ፣ እነዚህ ልጆችስ እውነትም ጠፍተዋል» አልኩ።

እመጣለሁ። ግን ስማኝ፦ ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው፣ ክንድ ማሳረፊያ ግን አይኑረው። ሎኒ በግራዬ ይሁን። ያ ክሎቪስ የሚባለው የእኛን ወግ አያውቅም፤ ስለዚህ ፊት ለፊቴ ይቀመጥ፣ ከጫማዬ ላይ ዓይኑን እንዳይነቅል። የምን ጫማ ላድርግ ብዬ ከአይሲ ጋር ተከራክረናል። እሷ የቤተ ክርስቲያኑን ትላለች። እኔ የጭፈራውን አደርጋለሁ፤ ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ነው።

ፈርቻለሁ፤ እወቀው። ከአውራጃችን ወጥቼ ያደርኩት ለአባትህ ቀብር ብቻ ነው።

ለሐሙስ የበቆሎ ዳቦ ጋግሬ አመጣለሁ። ያለ ስኳር።

እግሬን አነሳሁ፤ ለልምምድ።
ኦርፋ


ናሽቪል
ሜይ 8፣ 1972

አክስቴ፣

በሰላም መግባትሽን ሰምቼ ተደሰትኩ። ሻርፕሽን አልጣልሽውም፣ ስቱዲዮው ውስጥ ነው፤ ቀጂው አንገቱ ላይ ጠምጥሞት ነው የሚውለው፣ አልመልስም ብሏል።

ሚስተር ዊትሎ ቅር ብሎት እንደሆነ ጠይቀሻል። ዘፈኑን ሊያስቆም እጁን ሲያነሳ «እጅህን አውርድ፣ እዚህ ቤት የሚነሳው እግር ብቻ ነው» ስትይው እኔም ተባረርን ብዬ ነበር። አክስቴ፣ አሁን በስልክ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። ያንቺን ድምፅ አስመስሎ! ምሳ ላይ የበቆሎ ዳቦ ሲመጣለትም «ስኳር አለው?» ብሎ ይጠይቃል።

የሆነ ሰው ነግሮሽ ከሆነ እውነት ነው፤ ወንበሩ ሸክላው ውስጥ ገብቷል። እግርሽን ልታነሺ ወደኋላ ስትደገፊ ሲጥጥ ይላል። በሁሉም ዘፈን፣ የመጨረሻው ዙር ሲጀምር፣ ሲጥጥ! ቀጂው ሊያጠፋው ፈለገ። ሚስተር ዊትሎ ደጋግሞ አዳመጠውና «ተወው፤ ከሁሉም ምርጡ ተጫዋች እሱ ነው» አለ።

ሸክላው እየታተመ ነው። ሲደርስ እልክልሻለሁ። ሽፋኑ ጀርባ ላይ ስማችን ከነሥራችን ተጽፏል፤ ሎኒ ቫዮሊን፣ ጋርኔት ድምፅና ጊታር፣ እንዲህ እያለ ይወርድና መጨረሻ ላይ፦ ኦርፋ ኮዲል፣ ቀኝ እግር። የኔ ቀልድ አይደለም። ክሎቪስ ነው ያስጻፈው። ከጫማሽ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ስለዋለ አሁን ከኛ በላይ ያመልክሻል።

የፈረቃውን አለቃ ካገኘሽው እንዳይጠብቀኝ ንገሪልኝ። ጁን 10 ሌክሲንግተን ላይ እንጀምራለን። ከዚያ ሉዊቪል፣ ሲንሲናቲ፣ አሽቪል፣ እያልን በጋውን ሙሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መድረክ ላይ ግድግዳ የለም፤ እርስ በርሳችን እንተያያለን። እኔም እንደ ምንም ብዬ እግሬን አነሳለሁ። ግን አንቺ መሀላችን በተቀመጥሽበት ቀን እንደተጫወትነው ተጫውተን አናውቅም። ሎኒ እንኳ አልቸኮለም! ወንበሩን ከስቱዲዮው ለምነን አውቶቡሱ ላይ ጭነነዋል። ባዶውን እንድናዞረው ነው? ቶሎ አትመልሺልኝ፤ ቶሎ ስትመልሺ እምቢ ነው የምትይው። ሸክላውን ከሰማሽ በኋላ መልሺልኝ።

አርሊስ


ኦተር ክሪክ
ሜይ 30፣ 1972

ልጄ፣

ሸክላው ቅዳሜ ደረሰ። አይሲ ማጫወቻዋን ሱቁ በረንዳ ላይ አወጣች። ሰው ተጠራርቶ መጣ፤ ከላይኛው ሸለቆ ሳይቀር ወንበር በራሱ ተሸክሞ መጣ። ሰባኪውም ነበር፤ ለጭፈራ አይደለም ለመስማት ነው እያለ። የፈረቃው አለቃም መጥቶ ከኋላ ቆመ። መልእክትህን ነገርኩት። «እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር» አለና ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሳላስበው ወደድኩት።

ጋርኔት ስትጀምር እናቷ አፏን በመሐረብ ያዘች። ያንተም ባንጆ ደህና ነው። እሺ፣ ከደህናም በላይ ነው። እንዳትኩራራ።

ከዚያ ወንበሩ ሲጥጥ አለ።

አርሊስ፣ በረንዳው ላይ ያለው ሰው በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌው፣ ዞሮ እግሬን አየ። እኔም አየሁት። ተነስቷል። ሳላውቀው ብድግ ብሏል። የሚጨፍሩት የመጨረሻዋን ዙር ዞሩ፣ ዘፈኑም አለቀ፣ ሁሉም አንድ ላይ፣ እንደ አንድ ሰው። ማንም በጓሮ በር አልወጣም። ከዚያ የአይሲ ወንድም ሃርሞኒካውን ኪሱ ከተተና «እንግዲህ እኔ አርፌያለሁ» አለ፤ ሰው በሳቅ ሞተ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። እጄ ከከዳኝ ወዲህ ከሙዚቃው የወጣሁ መስሎኝ ነበር። ተቀምጬ የምሰማ አሮጊት መስዬው ነበር ለራሴ። ቅዳሜ ግን ለምጄው በነበረው ቦታ፣ መሀል ላይ፣ ራሴን ሰማሁት። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፣ ሰው ፊት፣ ያለ ዶሮ።

ቤት ገብቼ ቫዮሊኑን ከግድግዳ አወረድኩት። ልጫወተው አይደለም። አቧራውን ጠርጌ፣ አይቼው፣ መልሼ ሰቀልኩት። አሁን በእሱ በኩል ፊቴን ሳላዞር አልፋለሁ።

ጥያቄህን በቶሎ እንዳልመልስ ነግረኸኛል፤ እንደምታየው አልቸኮልኩም። ዶሮዎቹን አይሲ ወስዳለች፤ አውራው ብቻ ተቃውሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላው እያለ ማንም አይፈልገኝም፤ በእኔው እግር ይጨፍራሉ። ድንቹ አብቧል፤ የሚያወጣው አይጠፋም። ሻንጣ የለኝም ብዬ ነበር፤ ሰባኪው የራሱን አውሶኛል። የጋርኔት ወንድም መኪናውን እያጠበ ነው።

ወንበሩን እንዳትቀይሩት። ዘይት የሚቀባውንም ሰው ወየውለት። ክሎቪስን ፊት ለፊቴ፣ ሎኒን በግራዬ። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ስኳር ያለበት የበቆሎ ዳቦ አልበላም፤ ከእናንተ ውስጥ የሚያንኮራፋ ካለ ከኋላ ይተኛ። ቀይ አምፖል ያየሁ ቀን እመለሳለሁ።

ሌክሲንግተን እንገናኝ። ይሄን ደብዳቤ እንዳስለመድኩህ ልጨርሰው ብዬ ነበር፤ ወደ ታች ሳይ ግን ቀኝ እግሬ ገና መሬት ላይ ነው።

ቀጥሉ።

ኦርፋ